ከኮምቦልቻ እስከ ዛንዚባር፦ ባልና ሚስት ለባሕር ዳር ዕረፍት እንዴት ይዘጋጁ

ጃምቢያኒ የምትባል የዛንዚባር የዓሣ አጥማጆች መንደር የደረስነው ሊመሽ ሲል ነበር። ውኃው ካረፍንበት ቤት አጥር ሥር ደርሶ ነበርና ድምፁን እየሰማን ተኛን። በነጋታው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ባለቤቴ መጋረጃውን ገለጠችና ዝም ብላ ቆመች። ቆይታ «ባሕሩ የለም» አለችኝ። እውነትም አልነበረም። ማታ ውኃ የነበረበት ቦታ ነጭ አሸዋና ኩሬ ሆኗል። ማዕበሉ የሚሰበርበት ቀጭን ነጭ መስመር ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይታያል። እርጥቡ አሸዋ ላይ ጨርቃቸውን ከፍ አድርገው ያሸረጡ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይሠራሉ።

ለዚያ ጉዞ ሁለት ዓመት ቆጥበን ነበር። ባሕሩ በየቀኑ ሁለት ጊዜ እንደሚሸሽና ሁለት ጊዜ እንደሚመለስ የነገረን ሰው አልነበረም። ወሩንም ተሳስተን ነበር፤ ከስድስት ቀን አምስቱን ዘነበብን። በሌላ ዓመት ወሩን፣ ጨረቃውንና መንደሩን መርጠን ስንመለስ ግን ያረፍነው ዕረፍት እስካሁን ቤታችን ውስጥ ይወራል። ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ የኛ ስህተት እንዳይደገም ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

ለምን ዛንዚባር? የታንዛኒያ ደሴት ናት፤ ከቦሌ ቀጥታ በረራ አላት፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የሰዓት ልዩነት የለም። ሕዝቧ በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ አዛን እየሰማ ላደገ የወሎ ሰው ባዳነት አይሰማውም። ሲሸልስና ማልዲቭስም ደሴቶች ናቸው፤ ሆኖም መጠነኛ ገንዘብ ላላቸው ባልና ሚስት ዛንዚባር ትቀላለች።

1. መጀመሪያ ወሩን ምረጡ

ትኬት ከመጠየቃችሁ፣ ሆቴል ከማየታችሁ በፊት ወሩን ወስኑ።

እኛ ዘንድ ሠርግ የሚበዛው በጥር ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ፋሲካ ካለፈ በኋላ በሚያዝያ። ከሠርጉ ማግሥት ለመጓዝ ያሰቡ ሙሽሮች ይህን ልብ ይበሉ፦ የጥር ሙሽሮች እድለኞች ናቸው፤ የሚያዝያ ሙሽሮች ግን መታገሥ አለባቸው። ዛንዚባር ከምድር ወገብ በስተደቡብ 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ወቅቷ ከእኛ ጋር አይገጥምም። እነሱ «ማሲካ» የሚሉት ዋናው ዝናብ ከመጋቢት አጋማሽ አንሥቶ እስከ ግንቦት መጨረሻ ይጥላል። ሚያዝያና ግንቦት የከፉት ናቸው፤ ብዙ ማረፊያም በዚያ ጊዜ ለጥገና ይዘጋል። ዋጋው ረከሰ ብላችሁ እንዳትታለሉ። ሁለተኛው፣ አነስተኛው ዝናብ «ቩሊ» ይባላል፤ ኅዳርን ይዞ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ይደርሳል። እሱ ብዙውን ጊዜ ዘንቦ የሚያባራ ነው።

ደጉ ጊዜ ሁለት ነው። አንዱ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት፦ ደረቅ ነው፣ ሙቀቱ ግን ብርቱ ነው። ሌላው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ድረስ ያለው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ የደሴ ሰው ጋቢ ደርቦ ሲውል ዛንዚባር ደረቅና ነፋሻ ናት። ክረምቱ ሲሰለች ወደ ፀሐይ መሄድ ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። በእኔ ፍርድ ከሁሉም የሚበልጠው ከመስቀል በኋላ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለው ነው። ነፋሱ በርዷል፣ ባሕሩ ረጋ ብሏል፣ የአውሮፓ እንግዳ ስለሚቀንስ ዋጋውም ዝቅ ይላል።

የረመዳንን ጊዜም አስሉ። ከተማው ውስጥ ቀን ላይ አብዛኛው ምግብ ቤት ይዘጋል፤ በአደባባይ መብላትና መጠጣትም ነውር ነው። ለሚጾሙ ሙስሊም ባልና ሚስት ግን በዚያች አገር ማፍጠር ራሱን የቻለ ደስታ ነው።

2. ጨረቃዋን ቁጠሩ

ይህን ደረጃ ማንም አይነግራችሁም፤ ዕረፍታችሁን የሚያሳምረው ወይም የሚያበላሸው ግን እሱ ነው።

የባሕሩ ሙላትና ሽሽት የጨረቃ ጉዳይ ነው። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ፣ ከዚያም በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት፣ የጨረቃና የፀሐይ ስበት ስለሚደመር ባሕሩ እጅግ ይሞላል፣ እጅግም ይሸሻል፤ ዛንዚባር ላይ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ከፍታ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ልዩነቱ ያንሳል። ከሙላት እስከ ሽሽት ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው፤ በየቀኑም በሃምሳ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይገፋል። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሞላ ባሕር ነገ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ይሞላል ማለት ነው።

በሙሉ ጨረቃና በአዲስ ጨረቃ ቀናት ረፋዱ ላይ ባሕሩ ይሸሻል፤ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ተመልሶ ይሞላል። የኛ የመጀመሪያ ጠዋት ያን ቀን ነበር። ስለዚህ ዋና የምትወዱ ከሆነና ምሥራቁ ዳርቻ የምታርፉ ከሆነ ጨረቃ ግማሽ የምትሆንበትን ሳምንት ምረጡ። በሸሸው ባሕር ላይ በእግር መሄድና ኩሬ ውስጥ ያለውን ፍጥረት ማየት የምትወዱ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ጨረቃዋን ምረጡ፤ ማታውም ያምራል። እያንዳንዱ ማረፊያ የዕለቱን የሙላት ሰዓት ያውቃል። ስትደርሱ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይኸው ይሁን።

3. ወረቀቱን ጨርሱ

ፓስፖርት የሌላችሁ ደሴ ያለው የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ አለላችሁ፤ ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል። ያላችሁም ቢሆን ከመግቢያችሁ ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል መሆኑን እዩ።

ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ስለሆነች የምትጠይቁት የታንዛኒያን ቪዛ ነው። ማመልከቻው በታንዛኒያ ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ይሞላል፤ አዲስ አበባም ኤምባሲ አላቸው። ጉዞው ሁለት ወር ሲቀረው ጀምሩ። ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ የማይመለስ ትኬት አትግዙ፤ ሆቴልም ቢሆን ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ያዙ።

ቅጽ ስትሞሉ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል ጻፉ፤ ትኬቱም እንደዚያው ይሁን። ሁለተኛ፣ እኛ ዘንድ ሚስት የአባቷን ስም እንደያዘች ስለምትቀር ባልና ሚስት መሆናችሁ ከፓስፖርቱ አይታወቅም። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን ከወሳኝ ኩነት አውጥታችሁ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሙና ኮፒውን ያዙ። እኛን የጠየቀን አልነበረም፤ ቢሆንም መያዙ ልብ ያሳርፋል።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው። ክትባቱን ከጉዞው ከአሥር ቀን በላይ ቀደም ብላችሁ ተከተቡ፤ ካርዱ የሚጸናው ከተወጉ ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ከዚህ ሌላ ዛንዚባር ከጥቅምት 2024 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ወዲህ ከውጭ የሚገባ እንግዳ ሁሉ የራሷን የጉዞ መድን እንዲገዛ ታስገድዳለች፤ ለአንድ አዋቂ 44 ዶላር ነው፣ በኢንተርኔት ይከፈላል። ሌላ መድን ቢኖራችሁም ይህን አያስቀርም።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። በኛ አቆጣጠር ያሰቡትን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሞሉ በሳምንት የተሳሳቱ ሰዎች አውቃለሁ።

4. ገንዘቡ

ለመንገደኛ ዶላር የሚሸጥ ባንክ ፓስፖርት፣ ቪዛና ደርሶ መልስ ትኬት ይጠይቃል። መጠኑና መመሪያው ስለሚለዋወጥ ከጉዞው በፊት ቅርንጫፋችሁን ጠይቁ፤ ደረሰኙንም ቦሌ ላይ እንዳታጡት ከፓስፖርቱ ጋር አኑሩ። ዶላሩን ስትቀበሉ በአዲስ ኖት ይሁንላችሁ። ከ2006 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በፊት የታተመ፣ የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ዶላር ታንዛኒያ ውስጥ የሚቀበል አታገኙም። ብር እዚያ አይመነዘርም። ካርድ ላይም ብቻ አትመኩ።

እዚያ ስትደርሱ ዶላሩን በታንዛኒያ ሽልንግ መንዝሩ። አገሪቱ በ2025 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ያወጣችው ደንብ የአገር ውስጥ ግብይት በሽልንግ እንዲሆን ያዝዛል። ሆቴሉን ከመያዛችሁ በፊት ዋጋው ቁርስን፣ ከአውሮፕላን ጣቢያ መቀበያንና በአዳር የሚከፈለውን የመንግሥት ክፍያ ያካትት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ወጪ የሚያብጠው በነዚህ ሦስቱ ነው።

5. ከቤት እስከ ቦሌ

ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ጣቢያ አዲስ አበባ መብረር ከሁሉም ይቀላል። ደሴ ለምትኖሩ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ መድረስ ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ጠመዝማዛው በጉም ቀን ጊዜ ይበላልና ሰፋ አድርጋችሁ ተነሡ። በመኪና የምትሄዱ ከሆነ በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በደብረ ሲናና በደብረ ብርሃን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሙሉ ቀን ይወስዳል። በዚያ ሰሞን የመንገዱን ሰላም ከሚመላለሱ ሾፌሮች አጣሩ።

የትኛውንም ብትመርጡ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት እደሩ። የዚያኑ ቀን ደርሳችሁ ዓለም አቀፍ በረራ ለመያዝ አትሞክሩ። የኮምቦልቻ በረራ በአየር ጠባይ ሊዘገይ ይችላል፤ ደክሞና ተጨናንቆ የተጀመረ ዕረፍት ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ያስከፍላል።

6. የት ማረፍ

ደሴቲቱ ኡንጉጃ ትባላለች፤ ከጫፍ ጫፍ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። አውሮፕላን ጣቢያው ከአሮጌዋ ከተማ ከስቶን ታውን በስተደቡብ ቅርብ ነው። ማረፊያችሁን ከሁለት አንዱ አድርጉ።

በስተሰሜን ጫፍ ኑንግዊና ኬንድዋ አሉ። ባሕሩ እዚያ ብዙም ስለማይሸሽ በፈለጉት ሰዓት ይዋኛል፤ ኬንድዋ ወደ ምዕራብ ስለምታይ ፀሐይ ባሕሩ ውስጥ ስትጠልቅ ታያላችሁ። ሰው ግን ይበዛል፤ ማታም ሙዚቃ አለ። ከአውሮፕላን ጣቢያው በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል።

በስተደቡብ ምሥራቅ ፓጄ፣ ብዌጁና ጃምቢያኒ አሉ። ፓጄ ነፋስ ስለሚበረታ በሸራ ውኃ ላይ የሚንሸራተቱ ወጣቶች የሚበዙባት ናት። ጃምቢያኒ ጸጥ ያለች መንደር ናት፤ ፀሐይ ከባሕሩ ስትወጣ ታያላችሁ፣ ሙላቱና ሽሽቱ ግን የበረታ ነው። ሁለት ሆናችሁ ዝም ብላችሁ መቀመጥ የምትፈልጉ ከሆነ ጃምቢያኒን እመርጥላችኋለሁ። መዋኘት የምታስቀድሙ ከሆነ ኬንድዋን።

አንድ ቦታ ያዙና እዚያው ቆዩ። ስድስት ሌሊት ካላችሁ አምስቱን ባሕር ዳር፣ የመጨረሻውን ስቶን ታውን አድርጉ። በየሁለት ቀኑ ሻንጣ እየጠቀለሉ ከዳርቻ ዳርቻ መዞር ዕረፍት አይሆንም። ክፍሉ ትልቅ ካልሆነ ግድ የለም፤ በረንዳ፣ አጎበርና ቬንትሌተር ይኑረው። ቬንትሌተር ያልኩት በምክንያት ነው። ከ2,500 ሜትር ከፍታ ወርዳችሁ ከባሕር ጠለል ጋር እኩል ስትተኙ እርጥበት ያለው ሙቀት እንቅልፍ ይነሣል።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ዋሉ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዓሣ ብሉ፣ ስልካችሁን ዝጉ፣ እስከ ማታ ተቀመጡ። ቀልድ አይደለም፤ እኛ ያን ቀን ያወቅነው ነገር ዛንዚባር ላይ ጠቅሞናል። ባለቤቴ ከሁለት ሰዓት በላይ መቀመጥ አትችልም፣ መራመድ አለባት። እኔ ከተቀመጥኩበት መነሣት አልወድም። ስለዚህ ጠዋት እሷ ብቻዋን ዳርቻውን ትሄዳለች፣ እኔ ሻይ ይዤ እጠብቃለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ግን አብረን ነን ተባባልን። በየቀኑ ከመነታረክ ያዳነን ይኸው ነው።

7. ሻንጣ ውስጥ የሚገባውና የማይገባው

የማይገባውን ላስቀድም፤ ጫት። ወሎ ውስጥ የዕለት ነገር ስለሆነ ሰው ሳያስበው ቦርሳው ውስጥ ሊቀር ይችላል። ታንዛኒያ ውስጥ ጫት እንደ አደንዛዥ ዕፅ የተከለከለ ነው፤ ተይዞ መገኘት ያሳስራል። ኪሳችሁን፣ የጃኬታችሁን ገበር ሳይቀር አራግፉ። የፕላስቲክ ከረጢትም የተከለከለ ስለሆነ ዕቃችሁን በጨርቅ ከረጢት ያዙ።

የሚገባው ብዙ አይደለም። ስስ የጥጥ ልብስ፣ ባርኔጣ፣ ሰን ስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት)፣ የውኃ ጫማ። የውኃ ጫማውን አትናቁት፤ በሸሸው ባሕር ኩሬዎች ውስጥ ጥቁር እሾህ የለበሰ ኳስ የሚመስል ፍጥረት አለ፤ ከረገጡት እሾሁ ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ሶኬታቸው ሦስት አራት ማዕዘን እግር ያለው የእንግሊዝ ዓይነት ስለሆነ አዳፕተር ከዚሁ ግዙ። ወባ እዚያ ቢቀንስም አልጠፋምና ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ መከላከያ መድኃኒት ያዙ፤ በተለይ ደሴ ላይ የኖረ ሰው ሰውነቱ ወባን አያውቃትም።

ለሴቶች፦ ሆቴሉ ዳርቻ ላይ የዋና ልብስ ችግር የለውም፤ ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን የዋና ልብስ ለብሰው የሚዋኙም ብዙ ናቸው። መንደሩና ከተማው ውስጥ ግን ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለዚህ ከነጠላ የሚሻል የለም። ወንዶችም ደረታችሁን ገልጣችሁ መንደር ውስጥ አትሂዱ።

ዳቦ ቆሎና የተቆላ ቡና በእጅ ቦርሳ ቢኖር መልካም ነው። ለአስተናጋጆቻችሁ የሰጣችሁት አንድ ስኒ ቡና ብዙ በር ይከፍታል።

8. እዚያ ስትደርሱ፦ ሰዓቱና ሰላምታው

በጣም የገረመን ነገር የሰዓት አቆጣጠራቸው ነው። እንደ እኛው ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪም የቀኑን ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ «ሳዓ ታቱ» ካሏችሁ ሦስት ሰዓት ነው፣ የኛው የጠዋት ሦስት ሰዓት። ጀልባ ቀዛፊው በጣቱ እየቆጠረ ሰዓቱን ሊያስረዳን ሲለፋ ባለቤቴ ቀድማ ገባት። እጅ ላይ ያሰርነውን ሰዓት ስናሳየው እሱም ሳቀ። ሆቴሉና አውሮፕላኑ ግን በፈረንጅ ሰዓት ናቸውና ቀጠሮ ስትይዙ «በስዋሂሊ ነው?» ብላችሁ አረጋግጡ። እስከ አሥር መቁጠር ተማሩ፦ ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ፣ ንኔ፣ ታኖ፣ ሲታ፣ ሳባ፣ ናኔ፣ ቲሳ፣ ኩሚ።

ሰላምታ ሳይሰጡ ጥያቄ መጠየቅ እንደ እኛ አገር ስድነት ነው። ታላቅ ሰው ስታገኙ «ሺካሞ» በሉ፤ «ማራሃባ» ብለው ይመልሳሉ። «እርስዎ» ብሎ ላደገ ሰው ይህ አይከብድም። ምስጋና «አሳንቴ» ነው።

ቀኑን ባሕሩ ይምራው። ውኃው ሲሞላ ዋኙ፣ ሲሸሽ ተራመዱ፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ ውስጥ ተኙ። ጃምቢያኒ ውስጥ ባሕሩ ሲሸሽ የሚሠሩት ሴቶች የሚያመርቱት «ምዋኒ» የሚሉትን የባሕር ሣር ነው። አጫጭር እንጨት አሸዋው ላይ ተተክሏል፣ በእንጨቶቹ መካከል ገመድ ተወጥሯል፣ ገመዱ ላይ ቁጥቋጦው በየስንዝሩ ታስሯል። አንዲት እናት ስታስር አጠገቧ ቆመን አየን። ጣቶቿ ውኃ ጠጥተው የተሸበሸቡ ናቸው፤ ቋጠሮውን ሳታየው ታስረዋለች፣ ዓይኗ ግን ከሩቁ ነጭ መስመር አይነሣም። ውኃው መመለስ ሲጀምር ማንም ሳይነግራት ቀና አለች። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ ገመዱንም አትርገጡ፣ እርሻ ነው።

ለጉብኝት ከሁለት ቀን በላይ አትመድቡ። አንዱን ለቅመማ ቅመም እርሻ ስጡት። ደሴ ገበያ ላይ ደርቆ የምናውቀውን ቅርንፉድ ዛፉ ላይ እንቡጥ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ሳይፈነዳ ተለቅሞ ሰሌን ላይ ፀሐይ ይመታዋል። ቀረፋው ቅርፊት ነው፤ አስጎብኚው በቢላ ፋቅ አድርጎ ሲያሸታችሁ የእናታችሁ ቤት ሻይ ይታወሳችኋል። ሌላውን ቀን ጆዛኒ ጫካ ብትሄዱ ከዛንዚባር በቀር የትም የማይገኙ ቀይ ጦጣዎች አሉ፤ ወይም ቻንጉ ደሴት ያሉትን ግዙፍ ኤሊዎች እዩ፤ የመጀመሪያዎቹ ከሲሸልስ የመጡ ናቸው።

9. ምግብ

ሙስሊም ከሆናችሁ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሥጋው በአብዛኛው ሐላል ነው። ፒላውና ቢርያኒ ብሉ፤ ስቶን ታውን ውስጥ ፎሮዳኒ በተባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ማታ ማታ የሚሸጠውን ቅመሱ። ኡሮጆ የሚሉት መረቅ ኮምጠጥ ያለ፣ ድንችና ባጊያ የሚሉት በዘይት የተጠበሰ ሊጥ የገባበት ነው።

ክርስቲያን ሆናችሁ የሙስሊም ሥጋ የማትበሉ ከሆነ ወሎ እንደለመዳችሁት ያው መለየት ነው፤ ዓሣ፣ እንቁላልና ባቄላ በየቦታው አለ። በጾም ከሄዳችሁም አትቸገሩም። «ዋሊ ዋ ናዚ» በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝ ነው፣ «ማሃራጌ ያ ናዚ» በኮኮናት የተሠራ ቦሎቄ፣ «ምቺቻ» ጎመን መሳይ ቅጠል። ወተቱ ከፍሬው የሚጨመቅ ስለሆነ የጾም ነው። ቅቤ እንዳይገባበት ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ምግብ በትእዛዝ ስለሚሠራ አንድ ሰዓት ሊቆይ ይችላልና ሳይርባችሁ እዘዙ። የሚጠጣው ውኃ የታሸገ ይሁን።

10. ከባሕሩ ጋር ጥንቃቄ

ዋና የማትችሉ ከሆነ አታፍሩ፤ ብዙዎቻችን ባሕር ሳናይ ያደግን ነን። ውኃው ከደረታችሁ በማይበልጥበት ቦታ፣ ሌላው ዳር ላይ ሆኖ እያየ፣ ውኃው እየሞላ ሳለ ግቡ። ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት ጥልቅ ቦታ አትቁሙ፤ ይስባል። በሸሸው አሸዋ ላይ ርቃችሁ የሄዳችሁ እንደሆነ የመመለሻውን ሰዓት ቀድማችሁ እወቁ፤ ውኃው ሲመጣ ዝቅ ባለው በኩል ዞሮ ከኋላችሁ ይቀድማችኋል።

በጭንብልና በመተንፈሻ ቱቦ፣ ኮራል በሚባለው ድንጋይ መሳይ የባሕር ፍጥረት መካከል ያለውን ዓሣ ማየት ከፈለጋችሁ የሕይወት አድን ጃኬት የሌለውን ጀልባ አትሳፈሩ። በመጀመሪያው ጉዟችን አንድ ጀልባ ለስድስት ሰው ሁለት ጃኬት ብቻ ይዞ መጣ፤ ከፍለን ስለነበር አፍረን ተሳፈርን። መሀል ላይ ነፋስ ሲነሣ ባለቤቴ እጄን የያዘችበት አያያዝ አሁንም ይሰማኛል። ክፍያው ይቅር፣ ውረዱ። ኮራል አትርገጡ፣ ባለ አምስት ጫፉን የባሕር ኮከብ ለፎቶ ከውኃ አታውጡት፤ ይሞታል።

ፀሐዩን በተመለከተ፦ ጠይም ቆዳ አይቃጠልም የሚሉትን አትስሙ። አሸዋውና ውኃው ብርሃኑን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ጥላ ሥር ተቀምጦም ሰው ይላጣል። ቅባቱን ከዋና በኋላ ሁሉ መልሳችሁ ተቀቡ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ጥላ ውስጥ ግቡ፣ ውኃ በጥቂት ጨው ጠጡ፣ ካልተሻለ ሐኪም ቤት ሂዱ።

11. መመለሻው

የመጨረሻውን ሌሊት ስቶን ታውን እደሩ። በ2000 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በዩኔስኮ የተመዘገበች አሮጌ ከተማ ናት፤ የተፈለፈለ የእንጨት በሮቿንና ጠባብ መንገዶቿን ሳትቸኩሉ በእግር እዩ። የድሮው የባሪያ ገበያ በነበረበት ላይ የታነጸው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የመታሰቢያ ቦታ አለ፤ ገበያው የተዘጋው በ1873 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ነው። ለሽርሽር ቀን ከባድ ቢሆንም አትለፉት።

ቅርንፉድና ቀረፋ ከዳራጃኒ ገበያ ግዙ፤ ለቱሪስት ከሚሸጠው ይረክሳል። ዛጎልና ኮራል ግን ለማስታወሻ ብላችሁ አትያዙ፤ ማውጣቱ የተከለከለ ነው።

ሻንጣ ስትጠቀልሉ እርጥቡን ልብስ ለብቻ አድርጉ፤ ሹራብና ነጠላውን ከላይ በእጅ ቦርሳ አኑሩ። ኮምቦልቻ ስትወርዱ አየሩ ገና ለስላሳ ነው። ሐረጎን ስትወጡ ግን ጉሙ መስኮቱ ላይ ይለጠፋል፣ ቧንቧ ውኃ ሰፈር ስትደርሱ ደግሞ የደሴ ብርድ ቁርጭምጭሚታችሁን ይይዛል።